የማይነሣው ድንኳን

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፤ ጠዋት

ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል። ስድስተኛ ፎቅ ድረስ በእግር። ካዛንቺስ ግማሹ ፈርሶ፣ ግማሹ እየተገነባ፣ አፌ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አለቃዬ ጠራኝ። አዲስ ሥራ። ወርቅ የሚያወጣ አንድ ካምፓኒ አጭር ፊልም ፈልጓል፣ «የነዋሪው ሕይወት»። ጽሑፉ የኔ፣ ካሜራው የዳዊት። ነገ ጉዞ። ካምፓኒው የሚፈልገው ፈገግታ ነው አለ፣ ሁለቴ። ይኼ ሰውዬ ስለ ወርቅ የሚያውቀው ጣቱ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ ነው። «ተጠቃሚነት» የምትለዋን ቃል ስንቴ እንዳነሣት አትጠይቂኝ፣ ደብተሬ።

ማታ፤ ቤት

እናቴ አፏ አያርፍ፣ ለግቢው ሁሉ ነግራለች። እማማ አስካለ መጡ። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አብረን የኖርን። ለካ ወንድማቸው ጋሽ ወልዴ እዚያው ወርቅ የሚወጣበት ከተማ ናቸው፤ ድንጋይ መፍጫው ላይ ሲሠሩ አርጅተዋል። በስልክ ሁሌ ደህና ነኝ ይላሉ፣ ድምፃቸው ግን ቀጠነብኝ አሉ እማማ። በርበሬና ሽሮ ቋጥረው ሰጡኝ፣ እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙ።

«በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ፣ ልጄ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሺ አልኳቸው። ምን እላለሁ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፤ ካምፕ ሁለት

ደረስን። ሁለት ቀን መንገድ፣ ወገቤ የለም። ካምፕ ሁለት ነው የከተማው ስም፣ ሌላ ስም ያወጣለት የለም። አንድ ቀይ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ቆርቆሮ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ነጭ ዱቄት። ድንጋይ መፍጫው ቀንም ሌሊትም አይቆምም። ዱቄቱ ጣሪያው ላይ፣ ውሻው ላይ፣ የሚሸጠው ቲማቲም ላይ። ሰዉ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። ሁሉም ይስላል። ሕፃናቱም። መጀመሪያ ላይ ዘወር ብዬ አይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሳሉን መስማት ተውኩ። የቀፈፈኝ ይኼ ነው፣ እንዲህ ቶሎ መልመዴ።

የእንግዳ ማረፊያው አጥር ውስጥ ነው። ሣሩ ለምለም፣ በጎማ ውሃ ይጠጣል። ከአጥሩ ውጪ ሴቶች ጀሪካን አሰልፈው ቦቴ ይጠብቃሉ። የካምፓኒው ሕ/ግንኙነት ሹም ተቀበለን፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል። እጁን የታጠበው በታሸገ ውሃ። ለራት ጥብስ አስመጣ። ረቡዕ ነው አልኩት። እንግዳ ጾም የለውም ብሎ ሳቀ። ዳዊት ጥርግ አድርጎ በላ። እኔ ዳቦ በሻይ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የዘጋኝ ጾሙ ብቻ አይደለም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ከገበያው ጀርባ ትልቅ ድንኳን አየን። አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት፣ ሽንኩርት የሚከትፉ ሴቶች። በጥቅምት፣ በዚህ ፀሐይ፣ እኛ ሰፈር ቢሆን ሰርግ ነው። ዳዊት ካሜራውን ከፈተ። እኔ ፊቴን አብርቼ ገባሁ። «እንኳን ደስ አላችሁ!» አልኩ፣ በሙሉ ድምፄ።

ሽንኩርት የሚከትፈው ቢላዋ ሁሉ ቆመ።

ነጠላቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ሴቶቹ ሁሉ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ለቅሶ ቤት ነው። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ከሆዳቸው። አጠገባቸው ያሉትም ተከተሉ። የሽማግሌው ሳቅ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ ደግሞ አልቆም አለ። አንዲት ሴት መጥተው በእጄ ይዘው አወጡኝ። እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ሽማግሌው ባለቤታቸው ናቸው። ስማቸውን ብጠይቅ፣ ጋሽ ወልዴ! ሰውዬዬን ያገኘኋቸው እንዲህ ነው።

እትዬ ዘነበች አስረዱኝ። ድንኳኑ የዕድሩ ነው። ከፋሲካ ወዲህ አልተነሣም። ድሮ የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ጎልማሶቹ ነበሩ፤ አሁን የሚለቀሰው ለነሱ ነው። የአንዱ ሦስተኛ ቀን ሳይወጣ ሌላው ይደገማል። ዕድሩ ተሰብስቦ፣ በቃ ይቁም አለ። ቆመ። ይኼን የነገሩኝ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ጋሽ ወልዴ ሳላቸው በረድ ሲል ወጡ። ኮቱ ሰፍቷቸዋል። ባዶ ኮት ነው የሚመስለው። በርበሬውን ሲያሸቱ ዓይናቸው ረጠበ። የካምፓኒው ሐኪም ጉንፋን ነው ይላቸዋል፤ ጉንፋኑ አምና የጀመረ ነው። ለአስካለ ወፍሯል በያት አሉኝ። በዓይኔ አይቼ እንድነግራቸው ነው የላኩኝ አልኩ።

«እኮ! አይተሽ፣ ወፍሯል በያት።»

ደግሞ አመሰገኑኝ። እንዲህ ከሳቅኩ ዓመቴ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ አሉ። በስሕተቴ ተመረቅሁ። እትዬ ዘነበች የስልክ ቁጥሬን ያዙ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ሹሙ ቀረጻውን አየ። ሳቁ ጋ ሲደርስ መልሰው አለ። ደግሞ መልሰው። ደስተኛ ሕዝብ ማለት ይኼ ነው አለ። ለቅሶ ነው አልኩት። እኔ ያየሁት ሳቅ ነው፣ አንቺ ለቅሶ የት አየሽ አለኝ። ዳዊት ጫማውን ያያል። ሽቶው ራሴን አዞረኝ። ልተፋበት ነበር፣ ዋጥኩት። ምራቄም ዱቄት ዱቄት ይላል።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ፤ ካዛንቺስ

የፈራሁት ደረሰ። አለቃዬ የሰርግ ዘፈን አስገባበት። ከበሮ፣ እልልታ፣ ከዚያ የጋሽ ወልዴ ሳቅ። ሳሉ ሊጀምር ሲል ቆረጠው። ጮህኩበት። ደንበኛው ከወደደው እኛ ምን አገባን አለ። በሩን አላትሜ ወጣሁ። ቦርሳዬን ረስቼ ተመለስኩ። የኔ ቁጣ እንዲህ ነው፣ ሁሌ የሚረሳው ነገር አያጣም።

እማማ አስካለ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አየሽው? አየኋቸው። እንዴት ነው? ከዓይናቸው ሸሸሁ።

«ወፍረዋል» አልኩ።

ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ከሰዓት ግቢያችን ጫጫታ። እማማ ስልካቸውን ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ ያሳያሉ። ማንን ድረው ነው ሳይጠሩኝ እያሉ ይስቃሉ። ደውለውም ጠይቀዋቸዋል፤ ጋሽ ወልዴ የጎረቤት ልጅ ሰርግ ነው ብለዋቸዋል። እሳቸውም ውሸቱ ውስጥ ገቡ!

«ያልሺው ልክ ነው፣ አይ ወልዴ፣ አምሮበታል እኮ!» አሉኝ።

ኮቱ ነው ወፍራም ያስመሰላቸው። እማማ እልል አሉ፣ ግቢው እልል አለ። እኔም ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። አለቃዬን ሳምንት ሙሉ ስጸየፈው ከረምኩ። ዛሬ ተራው የኔ ነው።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ፤ 10 ሰዓት

እትዬ ዘነበች ደወሉ። መ/ቤት ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። ጋሽ ወልዴ እሑድ አረፉ። ትናንት ተቀበሩ። ድንኳን መትከል አላስፈለገንም አሉ። ለአስካለ በስልክ እንዳይነገራት፣ በወጉ ትረዳ አሉኝ። የመርዶው አደራ የተሰጠው ለኔ ነው።

ማታ የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌ ይዘን ነገ ሳይነጋ እንገባለን አሉ። ከዚያ ራሳቸውን አከኩ። ፊልሙን እሳቸውም አይተውታል። አስካለ በጄ አትለንም አሉ፣ ሲስቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ ትላለች።

«እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ። አብረሽን ትገቢያለሽ።»

አለቃዬ ደውሎ ነበር። ካምፓኒው ሁለተኛ ፊልም አዟል። አላነሣሁለትም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ፤ ንጋት 11 ሰዓት

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እናቴ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ናቸው፣ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። ዳኛው እኔ ልጀምር ብለዋል። እንደ ወጉ ዙሪያውን ሊዞሩ ነው፣ ታሞ ነበር፣ ጠንቶበት ነበር እያሉ። አይሆንም። እኔ እቀድማለሁ። ሰርግ አልነበረም እላቸዋለሁ። የሳቁት በኔ ነው እላለሁ። ወፍረዋል ያልኩዎት ውሸቴን ነው፣ ኮት ብቻ ቀርተው ነበር እላለሁ። ይርገሙኝ። ከዚያ ዳኛው የራሳቸውን ይበሉ።

እማማ ተነሥተዋል። በግድግዳው በኩል ይሰማል። ጸሎታቸውን ጨረሱ። እናቴ ተነሺ እያለችኝ ነው። ቆይ። ስልካቸውን ከፈቱ። ከበሮው ጀመረ። እልልታው። ጋሽ ወልዴ ሊስቁ ነው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ልተዋቸው ወይስ ሳቁ ሳይደርስ ልግባ?