ምንይሉ ከመጣ አትክፈቺ

ሶፊ፣
ማሙሸት ጠብቶ ተኝቷል። ከጡቴ ያለብኩት ወተት ፍሪጅ ውስጥ ነው። በሙቅ ውሃ አሙቂው እንጂ እሳት ላይ አትጣጂው። ምሳ ሰዓት ከሥራዬ፣ ከእህል በረንዳ ሮጬ መጥቼ አጠባዋለሁ።

ምንይሉ ተመልሶ ከመጣ አትክፈቺ።
ትናንት «አጎቱ ነኝ» ሲልሽ የከፈትሽለት በደግነት ነው። ግን «ያዘነች ሴት ወተት ልጅ ይመርዛል፤ እናቴ ታሳድገው» እያለ ልጄን ታቅፎ ጡጦውን ግድግዳ ላይ ሲፈጠፍጠው፣ አንቺ «እትዬ፣ ለጊዜው ይውሰደው» አልሽኝ።

ዘነዘናውን ያነሳሁት ያኔ ነው። ግንባሩን ስፈነክተው ደሙ ማሙሸት ላይ ተንጠባጠበ። ልብሱን ዘፍዝፌዋለሁ፤ እሺ ካልሽ እጠቢልኝ።
አንቺንም ገፍቼሻለሁ። ክንድሽ ካበጠ በረዶ ያዢበት።

ዘነዘናው ከበሩ ጀርባ ነው። በሩን በእርግጫ ከመታ ጎረቤት ጥሪ፤ ከገባ ግን አትለማመጪው፣ በይው።

ከውጭ ቆሞ ልጁን ከጠራ ደግሞ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጊው። ድምፁ ቁርጥ የወንድሙ፣ የሟች ባለቤቴ ድምፅ ነው።
ትናንት ከበር ሲጣራ ማሙሸት ጡቴን ለቆ ዞረ።
እኔም ዞሬ ነበር።

አመተ ሥላሴ