ስሟን ከፊደል ጭራ ለፈለጉት ክቡር ኃላፊ

ማይኬን፣ እስቲ ዛሬ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ ስጽፍ በትከሻዬ ላይ አጮልቀሽ «ነጥብ ረሳህ» ማለትሽንም ለጊዜው ተይው። ለእነዚያ ሰዎች ልጽፍ ነው፤ እንደምትወጂው በትሕትና እጀምራለሁ።

ለክቡር የሉንዴሩፕ ከተማ የጋዜጣ ማኅደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ለዓይንዎ ደግሞ አብልጬ። እኔ የሟቿ የማይኬን ሶረንሰን ታናሽ ወንድም፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ቪላስ ነኝ። እህቴ የቅድመ አያታችንን የቦዲልን ስም፣ ኦርሆልምን፣ መልሳ ለመያዝ ፈልጋ ነበር። እንደሚያውቁት በአገራችን ጥቂት ሰዎች ብቻ የያዙትን ስም ማንም ተነስቶ አይወስድም፤ የዘር ሐረግ ማሳየት ያስፈልጋል። የቦዲል ልደት የተመዘገበበት ቤተ ክርስቲያን ከነመዝገቡ ስለተቃጠለ፣ የቀሩን የ1950ዎቹ ጋዜጦችና መጽሔቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም እርስዎ ዘንድ ናቸው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. እህቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ «ይህ ስም በከተማችን ጋዜጦች ላይ ኖሮ አያውቅም» የሚል፣ በሚያምር ወረቀት የታተመ መልስ ስለላኩላት አመሰግናለሁ። «ጠፋ» ወይም «አላገኘንም» ብለው ሊያቃልሉት ይችሉ ነበር፤ እርስዎ ግን አንዲትን ሴት ከነዘሯ አልነበረችም ለማለት የሚበቃ ድፍረት አላነሰዎትም።

2ኛ. ስለ ምርመራዎ ጥልቀት። ስሙ የሚጀምርበት፣ «ኦ» ተብሎ የሚነበበው ፊደል ድሮ በሁለት «ኤ» (AA) ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ አንድ «ኤ» ሆኖ አናቱ ላይ ቀለበት ይደረግለታል፣ ቦታውም የፊደላችን መጨረሻ ነው። ይህን የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችም በዜማ ያውቁታል፤ መሥሪያ ቤትዎ በእውቀት ከእነሱ ጋር ስለተስተካከለ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቀለበቱ ገና አዲስ ነበር፣ ቦታውም አልተቆረጠም፤ የከተማችን ጋዜጣ የስም ማውጫ እንደ ጥንቱ ከፊት፣ ከ«ኤ» ጋር ያስቀምጠው ነበር። ማይኬን ይህን ስትገምት ከትራሷ ቀና ብላ «አንተ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ጭራውን አይተው ራስ የለውም አሉ!» ብላ እስክታስላት ሳቀች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልሳቀችም።

3ኛ. ከቀብሯ በፊት ስደውል ስልኩን ስላነሳው ባለሙያዎ ስለ አቶ ፕሬበን።

«ልጄ፣ ሥራችን እኮ ነው» አለኝ። «መጨረሻው ፊደል ላይ ከሌለ የለም።»

«ከመጀመሪያው ላይስ አይታችኋል?»

«ቅሬታ ካላት ራሷ ቀርባ ታመልክት።»

«ሞታለች።»

«እንግዲያው ጉዳዩ ተዘግቷል። ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?»

ይህን ያህል አጋዥ ሰው ከየት እንዳገኙት ባውቅ ደስ ይለኛል።

4ኛ. አባታችን የመንግሥት ወረቀት አይዋሽም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ድንጋይ ቀራጩ «ማን ብዬ ልቅረጽ?» ሲላቸው «ሶረንሰን በል፤ ማስረጃ የሌለው ስም በልጄ መቃብር ላይ አይጻፍም» አሉ። እንዲህ ያለ እምነት የተጣለብዎ ሰው በመሆንዎ እንኳን ደስ አለዎት።

ለቢሮዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመነጽርዎ ጥሩ መወልወያን፣ ለባለሙያዎ ለአቶ ፕሬበንም ፊደልን ከሁለቱም ጫፍ የሚያስቆጥር አስተማሪን እየተመኘሁ፣ እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ቪላስ፣ የማይኬን ወንድም

ማስታወሻ፦ ከቀብሯ ማግስት አባቴ ገና ተኝተው ነበር። ለሁለት ሰው ገንፎ ሠርቼ የእሷን ሳልነካው ተውኩና፣ ትምህርት ቤት በመሄድ ፈንታ ወደ እርስዎ ንባብ ክፍል መጣሁ። አቶ ፕሬበን በጨዋነት ወደ ስም ማውጫው የመጨረሻ መሳቢያ ጠቆመኝ፤ አመስግኜ ወደ መጀመሪያው ሄድኩ። ካርዷ ከላይ ነበር፤ በመራኝ ጋዜጣ ላይም፦ ቦዲል ኦርሆልም፣ በክረምት ባሕር የመዋኘት ውድድር አሸናፊ። ከነፎቶዋ። ፀጉሯ እየተንጠባጠበ ትስቃለች፤ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ ልክ እንደ ማይኬን። ገጹን ፎቶ ኮፒ አስነስቼ ቤት ስደርስ አባቴ ከቀዘቀዘው ገንፎ ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቱን ከሳህኑ አጠገብ አኖርኩት። ብዙ ካዩት በኋላ ጣታቸውን ጥርሷ ላይ አድርገው «ፍንጭቷ» አሉ። ከዚያ ስልኩን አነሱና ለድንጋይ ቀራጩ «ኦርሆልም በል፤ በሁለት ‹ኤ› ነው የሚጻፈው» አሉት።