አትጠገብ ሆይ፣ ስለ ምንጣፉ ነገርኋቸው

ይድረስ ላንቺ ለአትጠገብ፣ መልእክተኛ ሄዶ ወደማይመለስበት አገር። እንዴት ሰነበትሽ ብዬ አልጠይቅም፤ ያለሽበት ከዚህ እንደሚሻል ለሰው ሳስተምር የምውል ቄስ ነኝና ብጠይቅ ያሳፍረኛል። እኔ ግን እንዴት እንደሰነበትሁ ልንገርሽ። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ፤ አደዩም ፈንድቷል። የምጽፍልሽ ዳዊት ስጽፍ በተረፈኝ የብራና ቅዳጅ ላይ ነው። ሰው ቢያየኝ ቄሱ ለየለት ይላል፤ ይበል።

ቤቱ ደህና ነው። ቦራዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንዳንቺ ግትር ናት፣ ስትጠራ አትመጣም። ጌሾሽን ፍየል በልቶብኝ አዝኜ ነበር፣ ዘንድሮ ከሥሩ አቆጥቁጧል። እናትሽ እሑድ እሑድ ይመጡና ቤቱን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ የወንድ ቤት ድሮም እንዲህ ነው ብለው ተቆጥተው፣ ጠራርገው ይሄዳሉ። ጣሊያን አሁንም ቡሬ ምሽጉ ውስጥ ነው፤ እንደ ፊቱ ግን መንደር ለመንደር አይዞርም፣ አርበኞቹ መንገዱን ይዘውበታል። ንጉሡ በሱዳን በኩል እየመጡ ነው የሚል ወሬም አለ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ሰው እህሉን ትቶ ይህንኑ ሲንሾካሾክ ዋለ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ የሰው ፊት ሲፈታ ካየሁ ግን ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ቆብ ጫን እያሉ ይወተውቱኛል። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ አያገባ፣ እንግዲህ መንኩስና ገዳም ግባ ነው ነገሩ። ሌላ ማግባቱንማ ማን ፈለገው? ግን እሺ አላልኋቸውም። ያልጨረስሁት ሥራ አለኝ እላቸዋለሁ።

ሥራው ያ ምንጣፍ ነበር። አንቺ ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ላንሣው፣ ማንሣቱ ደስ ይለኛል።

ምንጣፉን አንድ ደጃዝማች ለደብራችን ለሚካኤል የሰጡት እኔ ገና ዲያቆን ሳለሁ ነው። ሠላሳ ዓመት መቅደስ ውስጥ ከመንበሩ ፊት ተነጥፎ ኖረ። መደቡ ቀይ ነው፤ መካከሉ ላይ ራሱ የሾለ በር አለ፣ ከበሩም መብራት ተንጠልጥሏል። እኛ ካህናቱ የገነት በር ነው ብለን፣ ለሚገባው ቀድሞ እንዲታይ የበሩን ጫፍ ወደ ምዕራብ አድርገን አነጠፍነው። ዙሪያውን የተሰለፉትን ትንንሽ ምስሎች ደግሞ ክንፋቸውን የዘረጉ ኪሩቤል ናቸው አልን። እኔማ በሚካኤል በዓል ቆሜ ሰብኬባቸዋለሁ፤ ሰውም አለቀሰ።

አንቺ ግን አይተሽው አታውቂም ነበር፤ ሴት መቅደስ አትገባም። ጠጉር ስትፈትል ያደገች፣ ክሩን በጣቷ ዳስሳ የየት አገር በግ እንደሆነ የምትናገር ሴት ደጅ ቆማ፣ ስለ ክር ምንም የማናውቅ ወንዶች ሠላሳ ዓመት ረገጥነው። ይህ ነገር ያኔ አንድም ቀን አልታሰበኝም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። የጣሊያን ወታደሮች መንደሩ አርበኛ ደብቋል ብለው ቤተ ክርስቲያኑ ላይ እሳት ለቀቁበት። የደብራችን አለቃ፣ አለቃ ተሰማ፣ ታቦቱን ይዘው በሰሜኑ በር ወጡ። እኔ ወንጌሉን በምንጣፉ ጠቅልዬ ተከተልኋቸው። በሩ ላይ ስደርስ የሚነድ የጣራ ሣር ወረደብኝ፤ የምንጣፉ አንድ ጥግ ሁለት መዳፍ ያህል ተቃጠለ፣ ከወንጌሉ ግን አንድ ቅጠል እንኳ አልተነካም። ታቦቱ ዋሻ ገባ። ምንጣፉን ቤት አመጣሁት።

ተቀብለሽኝ መጀመሪያ ያደረግሽው ገልብጠሽ ጀርባውን ማየት ነው። እኛ እኮ ፊቱን ብቻ ነበር የምናውቅ! ጀርባውን በጣትሽ እየዳሰስሽ፣ ይህ የተሸመነ አይደለም፣ አንድ በአንድ የተቋጠረ ነው፣ የቋጠረችውም ሴት ናት አልሽ። በምን አወቅሽ ብልሽ፣ ይህን ያህል ትዕግሥት ያለው ወንድ ካለ አሳየኝ አልሽኝ።

በማግስቱ ቡሬ ይዘሽኝ ሄድሽ፤ ከገበያው ግርጌ እስላሞቹ ሠፈር ወዳሉት ኮርቻ ሰፊ፣ ሰው ሁሉ ቱርኩ ወደሚላቸው ወደ ኡስታ ዑመር። በወጣትነታቸው ለአገራቸው ወታደር ሆነው የመን ወርደው፣ ከዚያ ባሕሩን ተሻግረው እኛ ዘንድ የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ምንጣፉን ስንዘረጋው ወስፏቸውን አስቀመጡ። ኋላ ጫማቸውን አወለቁና ተንበርክከው ግንባራቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የገነት በር ያልነው የእስላም መስገጃ ነበር። የበሩ ጫፍ የሚሰግደው ሰው ፊቱን የሚያዞርበትን ያሳያል። እኛ ሠላሳ ዓመት አዙረን አንጥፈነዋል።

አንቺ ግን አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ትጠይቂያቸው ጀመርሽ። እኔ ቱርክ ሲባል የማውቀው በድሮ ታሪክ ነፍጥ ይዞ የመጣውን ብቻ ነበር። እሳቸው የነገሩን ሌላ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው የመጡት ከፀሐይ መውጫ በኩል፣ ዛፍ ከሌለበት፣ ሣር ብቻ ከሆነ አገር ነው። ቤታቸው የበግ ጠጉር በውኃ እየራሰና እየተረገጠ የሚሠራ ክብ ድንኳን ነበር፤ ሲፈልጉ ነቅለው፣ በግመል ጭነው፣ በፈረስ ይሄዳሉ። ሥዕል የሚሥሉበት ግድግዳ ስላልነበራቸው በምንጣፉ፣ በኮርቻው፣ በከረጢቱ ላይ ሠሩት። እያንዳንዱ ነገድ በፈረሱ ጭን ላይ የሚተኩሰው ምልክት አለው፤ ሴቶቹም ያንኑ ምልክት ምንጣፍ ላይ ይቋጥሩታል፤ የሩቅ ዘመድ ምንጣፉን አይቶ የማን ልጅ እንደሆንሽ ያውቃል። ገሚሶቹ እዚያው ሣሩ ላይ ቀርተው፣ አዝማሪዎቻቸው ክራር መሳይ እየመቱ የጀግና ታሪክ ቀናት ሙሉ ያዜማሉ። ገሚሶቹ ወደ ምዕራብ ሄዱ፤ ከፋርሱም ከሮሙም እየተማሩ ጉልላት ሠሩ፣ ግድግዳውንም በሰማያዊ ሸክላ ለበጡት። ግድግዳ ካገኙ በኋላስ ምንጣፉን ተዉት ወይ ብለሽ ጠየቅሻቸው። ሰው እናቱን ይተዋል ወይ አሉሽ።

ቀጥለሽ ወደ ኪሩቤሎቼ ጠቆምሽ። ኡስታ ዑመር ሳቁ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የቆመች ሴት ናት አሉ፤ የእናትነት ምልክት። አንቺም በሳቅ ሞትሽ። ቤት እስክንገባ መንገዱን ሁሉ፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ እየጣልሽ፣ አባ ለኪሩብ ስገድ እንጂ ትዪኝ ነበር። አትጠገብ፣ እኔ ያን ቀን ፈርቼ አብሬሽ አልሳቅሁም። ዛሬ ይቆጨኛል።

ቤት ስንደርስ ይህን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ አልሁሽ። የደብሩ ሰው ቢሰማ ያቃጥለዋል ብዬ። አንቺ የተቃጠለውን ጥግ መጠገን ጀመርሽ።

ኡስታ ዑመር እናታቸው ስትቋጥር አይተዋል እንጂ ራሳቸው አያውቁበትም። ስለዚህ ከተቃጠለው ጠርዝ አንዱን ቋጠሮ በመርፌ ፈታሽው። እኔ ጮኽሁ። አንቺ ግን ቀስ ብለሽ መንገዱን አየሽ፦ ክሩ ሁለት ድር አቅፎ ይዞርና ሁለቱ ጫፎቹ በመካከል ይወጣሉ። በቃ፣ ይኸው ነው፣ ግን እልፍ ጊዜ ነው አልሽ። ጠጉሩን ከደጋው፣ ከፈረስ ቤት ገበያ አስመጣሽ፤ የብርድ አገር በግ ጠጉሩ ረጅም ነው። ቀለሙ አስቸግሮሽ ሳለ ሽማግሌው እናቴ ቀዩን የምታወጣው ከአንድ ሐረግ ሥር ነው ቢሉሽ፣ ከወንዛችን ዳር ሥሩ ቀይ የሆነ ሐረግ ቆፍረሽ መጣሽ። ያው ይሁን የዚያ ዘመድ አላውቅም። አፈላሽው፣ ቀላ። እንደ ልጅ ዘለልሽ።

ሰው ግን አልማረሽም። የቄስ ሚስት ሸማኔ ሆነች ተባለ። ሽመና በአገራችን እንዴት እንደሚናቅ ታውቂያለሽ፤ ውኃ ስትቀጂ እንኳ ሴቶቹ ራቅ ይሉ ነበር። እኔም አንድ ሁለት ጊዜ ተዪው ብየሻለሁ። ይቅር በይኝ።

ሊያልቅ ሦስት ጣት ሲቀረው ያ ትኩሳት ያዘሽ። በአምስተኛው ቀን ወደ አፍሽ አስጠጋሽኝና፣ ከመነጠፉ በፊት ለካህናቱ ንገራቸው አልሽኝ። አንዲት ሴት ልትጸልይበት ወይ ልታስጸልይበት ዕድሜዋን ቋጥራበታለች፤ ጸሎቷን ሰርቀን የኛ ነው አንበል፤ ውሸት ላይ ቆመህ አትቀድስ አልሽኝ። እሺ አልሁ። ከፍርሃቴ የተነሣ ግን እሺታዬ እሺታ አልነበረም። ቢጥሉት የእጅሽ ሥራ አብሮ ይጣላል፤ ልጅ አልነበረንምና የተውሽልኝ ነገር እሱ ብቻ ነው። ይህን ነበር የፈራሁት።

የቀረውን ሦስት ጣት እኔ ቋጠርሁት። አትሳቂ። ፊደል ጨፍልቆ ለማያውቅ እጄ ክር እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብሁም፤ የኔዎቹ ቋጠሮዎች ሰካራም የተሰለፈ ይመስላሉ። ሙሉ ዓመት ፈጀብኝ።

አሁን ደግሞ ሰዉ ለሚካኤል መቃኞ ሠራለት፤ ትንሽ የሣር ጎጆ ናት፣ ግን ቤት ናት። ታቦቱ ከዋሻ የሚመለስበት ቀን ተቆረጠ። አለቃ ተሰማ ምንጣፉን አምጣ አሉኝ። ለሦስት ቀን እህል አልበላም አለኝ። አንዴ፣ ከነጠፍሁት በኋላ ብነግርስ አልሁ። አንዴ፣ ሟች ምን ታውቃለች አልሁ፤ ቄስ ሆኜ! የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ቀኑ ደረሰ።

በጠዋቱ ከጽድ ዛፉ ሥር ካህናቱ በተሰበሰቡበት ምንጣፉን ዘረጋሁና ሁሉን ነገርኋቸው። መስገጃ መሆኑን፣ ኡስታ ዑመርን፣ ያንቺን አደራ። ኪሩቤሎቹንም ሳይቀር። አንዱ ካህን ብድግ ብሎ ይህ ነገር መቅደስ አይገባም፣ ይቃጠል አለ። ሁለት ሦስቱ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እኔ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልሁ።

አለቃ ተሰማ ዓይናቸው እንደሚደክም ታውቂያለሽ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ኋላም ልክ እንዳንቺ ገልብጠው ጀርባውን ዳሰሱ። የቱ ነው የሷ ሥራ አሉኝ። አሳየኋቸው። የተወላገደውስ? የኔ ነው አልሁ። ሳቁ። ከዚያ ወደ ካህናቱ ዞረው የተናገሩትን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። ዕጣናችንን ከበረሃ የሚያመጣልን ማን ነው? የመንበሩን ሐር ባሕር ያሻገረልን ማን ነው? ቤተ ክርስቲያናችንን ያቃጠሉት አለቆች አንገታቸው ላይ መስቀል ነበረ፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ወንጌላችንን ከዚያ እሳት ያወጣው ደግሞ ይህ ነው፤ ስለ ወንጌሉ ሥጋው ተቃጥሏል። ከእሳት ያወጣህን ሃይማኖቱን ጠይቀህ ነው እጅህን የምትሰጠው? እንዲህ አሉ። ይቃጠል ያለው ካህን ቁጭ አለ።

ቀጥለው ወደኔ ዞሩና፣ አንተ ግን እስከ ዛሬ በመደበቅህ ንስሐ አለብህ አሉኝ። ሁለት ሱባኤ ተቀብያለሁ፤ በደስታ ነው የምጾመው።

ምንጣፉ ገባ። የበሩን ጫፍ ወደ ምሥራቅ አዞርነው፤ አሁን እኛም እሱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነን። ታቦቱ በእልልታ ሲገባ፣ ውኃ መቅጃ ላይ ይርቁሽ የነበሩት ሴቶች፣ ያንቺ ጥግ የትኛው እንደሆነ እናትሽን ሲጠይቁ ሰማሁ። እናትሽ እንዴት እንደኮሩ ብታዪ! ኡስታ ዑመርም ከአጥሩ ውጭ ከሩቅ ቆመው ነበር፤ ሄጄ ነገርኋቸው፤ እጄን ይዘው አለቀሱ።

ቆቡን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ሁለት የመንደር ሴቶች ቋጠሮውን አስተምረን ብለውኛል፤ የማስተምራቸው ያንቺን እንጂ የኔን አይደለም፤ ጥግሽን በብራና ነጥብ በነጥብ ቀድቼ አስቀምጫለሁ። ጣሊያንም ይሄዳል፤ አገሩም ይረጋል፤ እኔም እዚሁ ነኝ።

ትናንት ቀደስሁበት። የሙታንን ስም ሳነሣ ያንቺን የክርስትና ስም፣ ወለተ ሥላሴን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስም አላቋርጥም። ካንቺ ቀጥዬ ግን ጥቂት ዝም አልሁ። ዲያቆኑ ስም የረሳሁ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። አልረሳሁም። ያን በር የቋጠረችውን ሴት ስም ስለማላውቀው ነው።