በሚስማር ስለተቸነከሩት የስፌት ክፍል መስኮቶች

ለተከበሩ የመጋረጃ ስፌት ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አክብሮት የተሞላበት ሰላምታዬን ሁለት ሜትር ርቄ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? አንገትዎንስ ተሻለዎት? ባለፈው በክፍላችን ሲያልፉ ከመስኮቱ የገባው ነፋስ አንገትዎን ቢይዝዎት፣ መስኮቶቻችን በሙሉ በሚስማር እንዲቸነከሩ ማዘዝዎ ይታወሳል። አንድ አንገት ለማዳን ስንት ሳንባ መታፈን እንዳለበት ያኔ ስላልገባን ሳናመሰግንዎ ቀርተናል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት፣ ትናንት በሰሌዳው ላይ «የመስኮቱን ሚስማር የነቀለ ሰው በግሉ ኃላፊነቱን ይውሰድ» የሚል ማስታወቂያ አስለጥፈው ስላየሁ ነው። እነሆ ልወስድ መጥቻለሁ፤ የነቀልኩት እኔ ጨርቅ ቆራጯ ነኝ። ነገር ግን ለቅጣት ከመቅረቤ በፊት፣ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ወለሉ ላይ ስላስቀቡልን ቢጫ መስመሮች እናመሰግናለን። በመስመርና በመስመር መካከል ሁለት ሜትር አለ፤ በስፌት መኪናና በስፌት መኪና መካከል ግን ያለው አንድ ክንድ ነው። መኪኖቹ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ ርቀታችንን መጠበቅ የምንችለው ሥራ ስንፈታ ብቻ ነው፤ ሥራ ስንፈታ ደግሞ ይቆጡናል።

፪. መታጠቢያ ቤት በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይገባ ስለደነገጉ እናመሰግናለን። ይህን ደንብ ለማክበር የቀረነው በሙሉ በጠባቡ ኮሪደር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ተራ እንጠብቃለን። በሽታውም እንደ እኛ ደንብ አክባሪ ከሆነ ኮሪደሩን አይረግጥም ብለን ተስፋ አድርገናል።

፫. በየግድግዳው ላሰቀሉት «ለጤናዎ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት» ለሚለው ጽሑፍ በተለይ እናመሰግናለን። «እርስዎ» መባል እንዴት ደስ ይላል! በዚህ ቤት ከግድግዳው በስተቀር አንቱ ያለን የለም።

አራተኛው ምስጋናዬ በቁጥር የሚያልቅ ስላልሆነ እንደሆነው ልተርከው።

ሁላችንም እታለም የምንላትን ያውቋታል። ስሟን ባያውቁት እጇን ያውቁታል፤ ከዚህ ቤት የሚወጣ መጋረጃ ሁሉ በእሷ ካውያ ስር ያልፋል። ከሁላችንም ታላቅ ናት፤ የምትቆመውም ጥጉ ላይ፣ ከተቸነከረው መስኮት ስር ነው። የካውያው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ጣሪያውን ነክቶ በእኛው ላይ ይመለሳል፤ ጭምብላችን እንደ እርጥብ ጨርቅ አፍንጫችን ላይ ይለጠፋል። ከሰዓት በኋላ አርፎ የሚቀመጥ ሰው የለም። አንዷ ጉልበቷን ታርገበግባለች፣ አንዷ ክር ሳያልቅባት ክር ልታመጣ ትነሳለች፣ እኔም ቆርጬ የጨረስኩትን ጨርቅ ደግሜ እለካለሁ።

እታለም ሳል የጀመራት ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ቢሮዎ መጥታ «የኔ ጌታ፣ አላስችል ብሎኛል፤ ሌላው ሰው በእኔ እንዳይታመም ትንሽ ቀን ቤቴ ልተኛ» አለችዎ። እርስዎም «የሐኪም ወረቀት አምጪ» አሏት። ሐኪም ቤት ስትሄድ በር ላይ «እናቴ፣ ሰው በዝቷል፤ መተንፈስ ሲያቅትዎት ይምጡ» ብለው መለሷት። በማግስቱ ካውያዋን እየለኮሰች «ገና ነሽ አሉኝ» ብላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ያን ዕለት ተሰብስበን አንድ መስኮት ብቻ እንዲከፈት ለመንንዎ። «መጀመሪያ ጭምብላችሁን በሥርዓት አድርጉ፤ ኃላፊነት ከራስ ይጀምራል» ብለው በሩን ዘጉብን። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ግን የቢሮዎ መጋረጃ በነፋስ ሲውለበለብ አየን። ውብ መጋረጃ ነው፤ የሰፋነው እኛ ነን።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ መጀመሪያ ካውያው ከእጇ ወደቀ፣ ቀጥሎ እሷ። ጫፉ ባልታጠፈ መጋረጃ ላይ አስተኝተን አራት ሆነን ወደ ግቢው አወጣናት። ፊቷ አመድ መስሎ፣ አፏን ከፍታ አየሩን እንደ ውሃ ትጎነጨው ጀመር። እጅጌዬን ይዛ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ «ካውያውን አጥፉት፣ ክፍሉ እንዳይቃጠል።»

ክቡር ሆይ፣ ወደ ክፍሉ የተመለስኩት ከዚህ በኋላ ነው። ወንበር ላይ ወጣሁ። ፒንሳው ከየት እጄ እንደገባ አላውቅም። ወንበሩን የያዘልኝንም ሰው አላየሁትም፤ መነጽሬን የራሴው ትንፋሽ ከጭምብሉ እየወጣ አደብዝዞብኝ ነበርና፣ ይህም ደንብ በማክበሬ የመጣ ጉድለት መሆኑ ይመዝገብልኝ። ሚስማሮቹ እየተንጫጩ አንድ በአንድ ወጡ። መስኮቱ ሲከፈት ማንም አላጨበጨበም። መኪኖቹ ጸጥ አሉ፣ ሁሉም ፊቱን ወደዚያ አዞረ፣ ተነፈስን።

ከዚያ ወዲያ ከመካከላችን ብዙዎች ታመው ተኝተዋል። እታለምም ክፉኛ ሰንብታ፣ ልጇ እንደነገረችን፣ አሁን ትራስ ተደግፋ መቀመጥ ጀምራለች። ባትተርፍ ኖሮ ይህ ደብዳቤ በዚህ ትሕትና አይጻፍም ነበር።

እጃችንን እንታጠባለን፣ ጭምብላችንን እናደርጋለን፤ ድርሻችን ነውና አንሸሸውም። የታመመን ቤቱ ማስተኛትና መስኮት ማስከፈት ግን የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ግድግዳ ላይ ጽፎ ለእኛ ማውረስ አይቻልም። ቅጣቴን እጠብቃለሁ። ብታገድም፣ እታለም ተሽሏት ስትመለስ ያ መስኮት ክፍት እንዲቆያት ከመለመን አልቦዝንም።

በታጠበ እጅ፣ በተሸፈነ አፍንጫና ወደር በሌለው አክብሮት ከወገቤ ዝቅ እያልኩ፣

አንድ ቦታ ረግታ መቆም ያቃታት ታዛዥ ቆራጭዎ

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ ዛሬ ጠዋት መስኮቱን መልሶ እንዲቸነክር የላኩት አናጢ መጥቶ ነበር። ካውያው በርቷል፣ መኪኖቹ ይጮሃሉ፤ ጥጉ ላይ ጥቂት ቆሞ ላቡን ጠረገና አንድ በአንድ አየን። ከዚያም «ሚስማር አልቆብኛል በሏቸው» ብሎ ወጣ። በብብቱ የያዘው የሚስማር ሳጥን እስከ ውጭው በር ድረስ ሲንኳኳ ሁላችንም ሰምተነዋል። መዶሻውን ግን ለእርስዎ ትቶልዎታል።