የጭቃ ከብቶችን ያስኬዱት የአቶ ጋትደት ጩዎል የሕይወት ታሪክ

እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ጉርድ ፎቶውን አቶ ጋትደት ጩዎል ጋ ያልተነሣ ማን ነው? እስቲ መታወቂያችሁን ከኪሳችሁ አውጡና እዩት። አገጫችሁን ቀና ያደረጉላችሁ፣ የሸሚዛችሁን ኮሌታ ያስተካከሉላችሁ እርሳቸው ናቸው። አብዛኞቻችሁ ግን የምታውቋቸው በዚህ ብቻ ነው። አንዳንዶቻችሁም “የጭቃው ሰውዬ” እያላችሁ ስቃችሁባቸዋል። ዛሬ ሳቁ ይቆየንና ታሪካቸው በሥርዓቱ ይነገር።

አቶ ጋትደት ከአባታቸው ከአቶ ጩዎል ጎኝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኛሉዋል ቴኒ፣ በነሐሴ ወር 1970 ዓ.ም. በኢታንግ አካባቢ ባሮ ዳር ተወለዱ። ወንዙ ሞልቶ እስከ ደጃፍ የደረሰበት ክረምት እንደነበረ እናታቸው ይናገራሉ። እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ ከወንዙ ዳር ጭቃ እየዛቁ ላምና በሬ ይሠሩ ነበር። ሌሎቹ ልጆች የሠሩትን ከብት በእጃቸው እየገፉ ሲያስኬዱ፣ እርሳቸው ግን ፊቱ ቁጭ ብለው ለረጅም ሰዓት ይጠብቁ ነበር። “ምን ትጠብቃለህ?” ሲባሉ፣ “እስኪነሣ” ይሉ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ከእናታቸው ጋር ወደ ጋምቤላ ከተማ መጥተው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ አጠናቀቁ። በመምህርነት ሠልጥነው ከ1992 እስከ 2001 ዓ.ም. ሥዕል አስተማሩ። በ1995 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኛጋይ ዱዋል ጋር በከብት ጥሎሽ፣ በቤተ ክርስቲያንም ቃል ኪዳን ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በሚያመልኩባት ቤተ ክርስቲያንም በሽማግሌነት አገልግለዋል።

በ2001 ዓ.ም. ማስተማሩን ትተው ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ቤት ከፈቱ። ከፊት ለፊት መጋረጃና የፎቶ ወንበር፣ ከጀርባ ደግሞ በምሥራቅ በኩል መስኮት ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ሕልማቸው የተኛው በዚያች ክፍል ውስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. ወይዘሪት አኬሎ ኦጅዋክን ጭቃ ለመቅረጽ፣ ከአቦቦ የመጡትን ወይዘሪት ወርቅነሽን ደግሞ ለካሜራ ሥራ ቀጥረው የጭቃ ከብት የሚራመድበትን ፊልም መሥራት ጀመሩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ላሟን ከባሮ ጭቃ ቀርጾ ጠረጴዛ ላይ ማቆም፣ እግሯን በጥፍር ስፋት ማንቀሳቀስ፣ ፎቶ ማንሣት፣ እንደገና ማንቀሳቀስ፣ እንደገና ማንሣት። ለአንድ ሰከንድ ዐሥራ ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል። የጋምቤላ ሙቀት ጭቃውን ስለሚሰነጥቀው ላሟ ከቀትር በኋላ ትፈርሳለች፤ ውሃ ውስጥ ትነከርና በማግሥቱ ሌላ ላም ሆና ትነሣለች። ስለዚህ ከፊልሞቻቸው ሁሉ አንድም የጭቃ ከብት አልተረፈም። ያቺው አንድ ጭቃ መቶ ላም ሆና አልፋለች።

መብራት ስለሚጠፋ የሚሠሩት በመስኮቱ ፀሐይ ነበር። እነርሱ እግር ሲያንቀሳቅሱ ፀሐይም የራሷን መንገድ ትሄዳለች። ስለዚህ ፊልሙ ሲታይ ላሟ ቀስ ብላ ስትራመድ ጥላዋ በዙሪያዋ እንደ ውሃ ይሮጣል። አዲስ አበባ የተማረ አንድ ባለሙያ ይህን አይቶ፣ “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስሕተት ነው፤ መስኮቱ ይዘጋል፣ በአምፖል ነው የሚሠራው” አላቸው። እርሳቸውም፣ “ፀሐይዋም ትጫወት እንጂ፤ ያለ ክፍያ የምትሠራልኝ እርሷ ብቻ ናት” ብለው መለሱ። ያ ስሕተት የተባለው ነገር የእጃቸው ምልክት ሆነ። ሕፃናት ከላሟ ይልቅ ጥላዋን ሲከተሉ ያየ ሰው ለምን እንዳልዘጉት ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሕልም የቤት ኪራይ አይከፍልም። ላሟን የሚመግባት ጉርድ ፎቶው ነበር፤ ስልክ ሁሉ ካሜራ ሲሆን እርሱም ቀነሰ። ባንክ ቢሄዱ መያዣ ተጠየቁ። በቢሮ ደጃፍ ቢቆሙ “ይሄ ባህል ነው ወይስ ቴክኖሎጂ?” እየተባለ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተላኩ። በመጨረሻ ኢታንግ ከነበሯቸው ላሞች አራቱን ሸጡ። የባለቤታቸው አባት አቶ ዱዋል በሰው ፊት፣ “እውነተኛ ላም ሸጦ የጭቃ ላም የሚሠራ አማች ለእኔ ብቻ ነው የተሰጠኝ!” ብለው ሰውን አሳቁ። አቶ ጋትደትም አብረው ስቀው፣ “አባባ፣ የእርስዎ ላም አርጅታ ትሞታለች፤ የእኔዋ የልጅ ልጅዎ ሲያገባም ገና ትራመዳለች” አሏቸው። አዛውንቱ በማግሥቱ ስቱዲዮው ድረስ መጥተው፣ “ቀንዷን አበላሽታችሁታል” ብለው በገዛ እጃቸው አስተካክለዋል።

በ2014 ዓ.ም. አንድ የእርዳታ ድርጅት ውሃ አፍልቶ ስለመጠጣት ለሕፃናት የሚሆን የዘጠኝ ደቂቃ ፊልም አዘዛቸው። የክፍያውን ሲሶ ሰጠ፤ የቀረው ሥራው ሲያልቅ ሊከፈል ተፈራረሙ። ስድስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ፎቶ ነው። ሦስቱ ሰዎች ዐሥራ አንድ ወር ሠርተው በ2015 ዓ.ም. አስረከቡ። ድርጅቱም ተረክቦ በየመንደሩና በየመጠለያው አንሶላ ወጥሮ ፊልሙን አሳየ። ክፍያው ሲጠየቅ ግን የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኛ የጥሬ ዕቃ ደረሰኝ ጠየቋቸው።

“ጥሬ ዕቃው ከባሮ ነው።”

“ባሮ ቲን ቁጥር የለውማ! እሺ፣ ከአንድ ሱቅ የቀለም ደረሰኝ ያምጡና እንጨርስ።”

“ቀለም አልገዛሁም።”

“አቶ ጋትደት፣ ወረቀት እኮ ነው።”

“ያላወጣሁትን አወጣሁ ብዬ አልፈርምም። ባሮ እዚያው ነው፤ ሄደው ይጠይቁት።”

ብዙዎች ሞኝ አሏቸው። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ሐሰተኛ ወረቀት ያመጣ ሰው የሚከፈለው፣ እውነቱን የተናገረው ደግሞ የሚመላለስበት አሠራር ምን ይባላል? በእነዚያ ዓመታት ሞተር ብስክሌታቸውን ሸጠው የአኬሎንና የወርቅነሽን ደመወዝ ከፈሉ። የራሳቸውን ድርሻ አልነኩም፤ አልነበረምና።

በዚህ መካከል ማንም ያላዘዘውን፣ የራሳቸውን ፊልም ጀመሩ። የእናታቸው ከብቶች በድርቅ ዘመን ባሮን ሲሻገሩ የሚያሳይ ነው። ውሃው የእናታቸው ሰማያዊ ሻሽ ነው፤ ሲነፋ ይናወጣል፣ ከብቶቹም አንገታቸውን ብቻ አውጥተው በሻሹ ላይ ይዋኛሉ። ጥላቸው ከፊታቸው ቀድሞ ማዶውን ነክቷል። ስድስት ደቂቃ ተሠርቷል፤ አምስት ይቀራል። ከብቶቹ ዛሬም መሃል ወንዝ ላይ ናቸው። ካልተከፈለው ገንዘብ ላይ የቤት ኪራዩ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ይሻገሩ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ክፍሉ እንዲለቀቅ የሰጡት ጊዜ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል።

አቶ ጋትደት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ፣ በሕክምናም ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በ47 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ድርጅቱ ገደላቸው አንልም፤ ሕመም ነው የገደላቸው። በመጨረሻው ሳምንት አኬሎ አንዲት የጭቃ ጥጃ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አልጋቸው ድረስ አምጥታላቸው፣ ጆሮዋን ሲያስተካክሉ ዋሉ።

ወይዘሮ ኛጋይ ዱዋልን፣ ልጆቻቸውን ጎኝን፣ ኛሩዋይንና ዳዊን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ኛሉዋልን ትተውልናል። ጭቃን በእጁ አበጅቶ እስትንፋስ የሰጠው አምላክ ነፍሳቸውን በሰላሙ ዳርቻ ያሳርፍልን፤ ቤተሰቡንም ያጽናልን።

ትናንት ያው ድርጅት የሐዘን ደብዳቤ ልኮልናል። “የጋምቤላ አኒሜሽን አባት” ይላቸዋል፤ አናቱ ላይም የእርሳቸው ላም ታትማለች። ተወካዩ በቀብሩ ላይ እንደሚገኙ አሳውቀዋል፤ ስለ ደብዳቤው እናመሰግናለን። ይህ ጽሑፍ ተነብቦ ሲያበቃ ማይክራፎኑ አይዘጋም። ክቡር ተወካይ፣ በአኬሎና በወርቅነሽ ፊት፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይነሡና ይመልሱ፦ ፊልሙን ለልጆቻችን ስታሳዩ ምንም ያልጎደለው ሥራ፣ ለሠሩት ሰዎች መክፈያው ሲደርስ ምን ጎደለው? የቀረውስ መቼ ይከፈላል? ቀኑን ይንገሩን፤ ቆመን እንሰማለን።