ጭቃው እስኪቦካ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ጥፋተኛው ጌታቸው ነው። ልጄ ነው፤ ቢሆንም ጥፋተኛው እሱ ነው። ደብተሬ፣ ይህን አስቀድሜ ጻፍኩልሽ። በኋላ አዝኜለት እንዳልለውጠው።

ክረምቱን የቻለው ግድግዳ ጥቅምት ላይ ተናደ። ከአልጋዬ ራስጌ እስከ ጥጉ ምርጊቱ ወርዶ ማገሩ ተራቁቷል። ተኝቼ የአላፊ አግዳሚው እግር ይታየኛል።

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እማዬ እዚያ ቤት ላይ ገንዘብ አታፍስሺ፣ ገላን እኛ ጋ ትገቢያለሽ፣ ክፍልሽ ተዘጋጅቷል ሲለኝ ኖረ። እኔም ሳላስመርግ ተቀመጥኩ። ዕቃዬን ሁሉ ጠቅልዬ! የሠርጌ ሳህኖች፣ ብርጭቆዎቹ፣ ድስቶቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ሦስት ካርቶን ውስጥ ናቸው። የምኖረው በአንድ ሳህንና በአንድ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት እዋሳለሁ።

ከሰዓት። በዳኔን አስጠራሁት። የሰፈሩን ግማሽ ቤት የመረገው እሱ ነው። ግድግዳውን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ሳቀ። "እማማ፣ ይሄ የቆመው በእርስዎ ይሉኝታ ነው።" ደጄ ላይ ጉድጓድ ቆፈረ፤ አፈሩን ከጭድና ከውሃ ጋር ለወሰ። እስኪቦካ ሁለት ሳምንት። በየሁለት ቀኑ ይረገጣል። ሐሳብዎን ከቀየሩ ሳይቦካ ይንገሩኝ አለ። ቦክቶ ካልተመረገበት ደርቆ ድንጋይ ይሆናል።

ሁለት ሳምንት አለኝ ማለት ነው።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ቀበሌ። የመንግሥት ቤት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ምስማር አይመታበትም። ስብሰባ ላይ ናቸው። ተመለስኩ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ቀበሌ። አሁንም ስብሰባ። ግድግዳዬ ስብሰባ መኖሩን አያውቅም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ተገኙ። ብሎኬት አይፈቀድም። በጭቃ ከነበረ በጭቃ። ለምን ኮንዶሚኒየም አይገቡም እማማ አለኝ ወጣቱ ሠራተኛ። ልጄን ጠይቀው ልለው ነበር። እንድፈርም ወረቀቱን ሲሰጠኝ የጣት ቀለሙን አብሮ አስጠጋልኝ። ስክሪብቶውን ከኪሱ መዝዤ ወሰድኩበት።

ፊደል ያስቆጠረኝ ልጄ ጌ. ነው። እሱ ሦስተኛ ክፍል፣ እኔ የልጆች እናት። በደብተሩ ጀርባ ነበር የምንጽፈው። ስሳሳት ጣቴን በእርሳስ ይመታኝ ነበር፣ አስተማሪው እንደሚያደርገው። እንዴት ነበር የምወደው። ዛሬ በዚያው ፊደል እከሰዋለሁ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ወ/ሮ ዘነበች መጣች። ጎረቤቴ፣ የአንድ ለአምስታችን መሪ። ጭቃው መንገድ ዘጋ፣ ጽዳት ተበላሸ። ይህ መግቢያው ነው። ከዚያ ዋናው ወጣ፦ ልጅሽ ፎቅ ቤት እያለው ጭቃ ታስረግጫለሽ? ወይስ ምራትሽ አልፈልግም አለች?

ክፍሌ ተዘጋጅቷል አልኳት።

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ ተዋቡ፣ በቅሎ እንዲልኩልሽ ነው?"

ሳቀችና ሄደች። እውነቷን ነው። ውሰደኝ ብዬው አላውቅም። እንዲለምነኝ ነው የምፈልገው። መጥቶ ካርቶኖቹን አንስቶ፣ ተነሺ እማዬ እንዲለኝ። ይህን ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

ነገ ሳልነግረው ገላን እሄዳለሁ። ክፍሉን በዓይኔ ካየሁ በዳኔን ተው እለዋለሁ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ከገላን መልስ

አራተኛ ፎቅ። ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ጌ. ሥራ ላይ ነው። ምራቴ ሰላማዊት ደነገጠች። ይግቡ እማዬ፣ ምነው ሳይደውሉ። ውሃ ሰጠችኝ። ክፍሌን ላየው አልኳት።

መለሰችልኝ፣ በሹክሹክታ፦ "ቀስ ይበሉ እማዬ፣ ተኝታለች።"

ማን? ተከራይዋ። ቂሊንጦ ፋብሪካ የምትሠራ፣ የሌሊት ፈረቃ። ከአምና ፋሲካ ጀምሮ ናት። በሩ የራሷ ጓጉንቸር አለው። እኔም ተንሾካሾክኩ! በገዛ ክፍሌ በር ላይ ቆሜ፣ እንዳትነቃ ብዬ!

ሰላማዊት ዓይኗ እንባ ሞላ። ነግሬያታለሁ ብሎኝ ነበር አለች። ለሷም ዋሽቷል ማለት ነው። በሷ ላይ ቅሬታ ይዤ ኖሬ ነበር፤ ዛሬ ጣልኩት። ተከራይዋንም አልጠላኋት። ጫማዋ በሩ ሥር ነበር፤ ትንሽ፣ ተረከዙ ያለቀ።

ስወርድ አልተቀመጥኩም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ጌ. አራት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። አምስተኛውን አነሳሁ። ትወጣለች እማዬ፣ ትወጣለች። መቼ? በሚቀጥለው ዓመት። ዘጋሁበት።

መልሼ ልደውልለት ስልኩን አነሳሁ። አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ጭቃው መሽተት ጀመረ። በዳኔ ደስ ብሎታል፤ መሽተቱ ደግ ነው ይላል። ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁበት። ይውጡ እማማ፣ ጉልበትዎ! ጉልበቴ አራት ፎቅ ወጥቷል አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ጌ. መጣ። ብቻውን፣ ሙዝ ይዞ። ጉድጓዱን አየ። ዘነበች ደጇ ላይ ቆማ እሱን ታያለች። ምነው እማዬ፣ ሰው ፊት አዋረድሽኝ አለ።

ጫማህን አውልቅ አልኩት። ያወልቃል ብዬ አልነበረም።

አወለቀ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ገባ። በዳኔ አላለፈውም፦ "አይዞህ ወንድሜ፣ ይሄ ደረጃ የለውም!" ሁለት እርምጃ ሄዶ ተንሸራቶ በመቀመጫው ወደቀ። ሰፈሩ ሳቀ። እሱም ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ረገጠ። እግሩ የአባቱ እግር ነው። ልቤ ራራ። ካርቶኖቹን አሰብኩ። ምናልባት ያነሳቸዋል አልኩ።

እግሩን ላስታጥበው ውሃ ሳፈስለት ቀና ብሎ አየኝ። "ይሄ ጭቃ ለአንድ ዓመት ነው እማዬ። በሚቀጥለው ዓመት ክፍልሽ ትገቢያለሽ።" ዓይኔን እያየ። እየዋሸ አይመስለኝም። ያምንበታል። የከፋውም ይህ ነው።

ሌላኛውን እግርህን አምጣ አልኩት።

ሄዷል። በዳኔ ነገ በጠዋት መምረግ ይጀምራል። ካርቶኖቹን ፈታሁ። ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል። ድሮ የተጻፈ ካገኘሁ ሳላነብ አልጥልም ነበር፤ ይህን ሳላነብ ጨመደድኩት። ሳህኖቹን አጥቤ ደረደርኩ። አንዱ ተሰንጥቋል። እሱንም ደረደርኩት። ሙዙን በትልቁ ሳህን ላይ አደረግኩ። ዘነበች ነገ ግድግዳውን ልታይ መምጣቷ አይቀርም፤ በራሴ ብርጭቆ ሻይ ትጠጣለች።

ጌ. ይምጣ። ቤቱ ነው። ክፍልሽ ሲለኝም እሰማዋለሁ። ዕቃዬን ግን ከእንግዲህ በጋዜጣ አልጠቀልልም።