«እንዲህ ያለ ሰው የለም» ላሉት የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ለጉሮሮዎም እንዲሁ። ባለፈው ወር ለጋዜጣ በሰጡት ቃለ መጠይቅ ብዙ ስለተናገሩ ሳይደክምዎ አልቀረም።

በዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ ጋዜጠኛው፣ ሐሙስ ሐሙስ የምታቀርቡት አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ሰው ፊት መቆም የሚያስጨንቀውና የነካው ሁሉ የሚገለበጥበት ድንብሩ፣ ከማን ሕይወት እንደተቀዳ ጠይቆዎት ነበር። እርስዎም «ከማንም አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው የለም፤ ቢኖርማ እናዝንለት ነበር» ብለው መልሰዋል። የሌለው ሰው ታላቅ እህት እኔ ነኝ። ስለ ሐዘኔታዎ ምስጋናዬን እያስቀደምኩ፣ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ እንዳይቸገሩ አቤቱታዬን በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ወንድሜ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። በአንድ መነጽር ቤት የኋላ ክፍል ተቀምጦ ሌንስ ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፤ እጁን የማያመሰግን ደንበኛ የለም። ሰው ፊት ሲቀርብ ግን እግሩም ምላሱም ይተሳሰሩበታል። አንድ ቀን ለምርመራ ሆስፒታል ሄዶ አሳንሰሩ ውስጥ ቁልፎቹ አጠገብ ቆመ። የገባው ሁሉ ወደ ስንተኛ ፎቅ እንደሚሄድ ሲነግረው ሠራተኛ አይደለሁም ማለት አፍሮ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ፣ የራሱ ቀጠሮ አምልጦት ተመለሰ። ሌላ ቀን ጎረቤት ቤት ተጋብዞ፣ ሁሉንም ተሰናብቶ የከፈተው በር የቁም ሳጥን ሆኖ ሲያገኘው፣ ተሳስቻለሁ ከማለት መግባት ቀሎት ገባና በላዩ ላይ ዘጋው። እኔም ሳምንት ሙሉ ስቄበታለሁ። እህቱ ነኝ፤ የምስቀው ፊቱን እያየሁ ነው፣ ስቄም ስጨርስ እራቱን አቀርብለታለሁ። ሁለቱንም ታሪኮች እርስዎ ያውቋቸዋል፤ በዘጠነኛውና በአሥራ አራተኛው ክፍል አሳይታችኋቸዋል።

ሁለተኛ። እነዚህ ታሪኮች እንዴት እጃችሁ እንደገቡ ልግለጽልዎ። ማንም አልሰረቃቸውም፤ በገዛ እጁ ጽፎ የላከላችሁ ራሱ ነው። ወንድሜ ሞኝ ስላልሆነ ድንብሩ ተዋናይ መሆኑን ያውቃል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ያሰበው ሰው ሳይደርስበት ሊያስበው እንደማይችል፣ ምናልባትም አይዞህ የሚለው እንደሌለ ገመተና ለድራማው ደራሲ ደብዳቤ ጻፈ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ልኳል፤ በእያንዳንዱም ደራሲውን ለማጽናናት ሲል ከራሱ ውርደት አንዱን መርጦ ጨምሮበታል። ለዚህ ድካሙ ጣቢያው የተዋናዩን ፎቶግራፍ፣ ፊርማው በማኅተም የተመታበትን፣ በፖስታ ቤት ስለላከለት ከልብ አመሰግናለሁ። ከሚሞርድበት ማሽን በላይ ሰቅሎታል።

የአሳንሰሩ ታሪክ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት እየሮጠ መጥቶ፣ ይኸው ነገር በደራሲውም ላይ ደርሶበት ኖሯል ብሎ ነገረኝ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እኔ ገብቶኝ ነበር። ደስታውን ላለማፍረስ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን በእናንተ ጥፋት ላይ እንዳትደምሩት፣ የእኔ ነው።

ሦስተኛ። እናታችን ያረፈችው አምና ነው። ወንድ ልጇ እሱ ብቻ ስለሆነ በመቃብሯ ራስ ላይ ጥቂት ቃል እንዲናገር ተጠየቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲጽፍና ሲሰርዝ ከርሞ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከኮት ኪሱ ያወጣው የሥራ ትእዛዝ የተጻፈበት ወረቀት ሆነ። የቀኝ ዓይን፣ ሲቀነስ ሁለት ነጥብ ሃያ አምስት፤ የግራ ዓይን፣ ሲቀነስ ሦስት። አንዴ ከጀመረ ማቆም ስላልሆነለት የስድስት ደንበኞችን መነጽር እስከ መጨረሻው አነበበ፣ ወረቀቱን አጠፈ፣ አመሰገነ። ከቆመው ሰው ሁሉ አንድም የሳቀ አልነበረም። አጎታችን ትከሻውን አቅፎ ወደ ቦታው መለሰው፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያን ቀን ያነሳ የለም። ወንድሜ የነገረው ለአንድ ሰው፣ ለደራሲያችሁ ብቻ ነው። ቤት ረስቶት የሄደውን የእውነተኛውን ወረቀት ቃልም በዚያው ደብዳቤ ላይ ገልብጦለታል። እኛ እህቶቹ እስከ ዛሬ አልሰማነውም። ያን ቃል እናንተም አልተጠቀማችሁበትም፤ አያስቅም መሰለኝ።

በመነጽር ቤቱ ውስጥ የደንበኞችን ዓይን የምትመረምር አንዲት ሴት አለች፤ ይልቁንም ነበረች። ከብዙ ዓመት በኋላ ምሳውን አብራው መብላት የጀመረች እሷ ናት። አንድ ሐሙስ ደፍሮ እኔ ቤት ይዟት መጣ። ሦስታችን ተቀምጠን ሳለ ድንብሩ በመቃብር ራስ ላይ ቆሞ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ቁጥሮቹን እንኳ አልቀየራችኋቸውም። ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ የተቀዳ ሳቃችሁ ይከተል ነበር። እሷ የምታውቀው ነገር ስላልነበረ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ወንድሜም ብቻዋን እንዳትስቅ ብሎ አብሯት ሳቀ። እኔ አልቻልኩም። ፊቴን አየች፣ ቀጥላም የእሱን አየች፣ አፏንም በእጇ ያዘች።

«ግድ የለም፤ ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት» አላት።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ማየት ስላቃታት፣ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ለመዛወር ጠይቃ ሄደች። እሱም ምሳውን የኋላ ክፍሉን በር ዘግቶ ይበላል። ለማንም ደብዳቤ አይጽፍም።

አራተኛ። ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ እጅግ ጨዋ ናት፤ ለፕሮግራሙ የተላከ ማንኛውም ጽሑፍ የጣቢያው ንብረት መሆኑን፣ ያ ክፍል ከሁሉ በላይ የታየ በመሆኑም ወንድሜ ሊደሰት እንደሚገባው በትዕግሥት አስረድታ፣ የድንብሩ ምስል ያለበት ኩባያ ሰጥታ ሸኝታኛለች። እርስዎም በኮሪደሩ ሲያልፉ፣ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ፣ ወለሉን ገና አለማድረቄን በቁጣ አስታውሰውኛል። ለጠቅላላው መስተንግዶ አመሰግናለሁ።

አሁን ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ያው ክፍል በሚቀጥለው ሐሙስ እንደሚደገም በማስታወቂያ ሰማሁ። ስለሆነም ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። እንዳይደገም። የመቃብሩን ደብዳቤ እንድትመልሱልን፤ የሚያስቀውን ገጽ ለእናንተ አስቀርታችሁ፣ የማያስቀውን ለእኛ።

ክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ ኖረው፣ ቀኑ ሲደርስም ልጆችዎ ስለ እርስዎ የሚያነቡት ደህና ነገር እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የጣቢያው የረጅም ጊዜ ተመልካች፣
በሙያዬ የልብስ ስፌት መምህር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ደራሲያችሁ ለወንድሜ ደውሎለት ነበር። ደብዳቤ ከቀረ አራት ወር እንደሆነው፣ አዲሱን ምዕራፍ ለመጨረስም እንደተቸገረ ነገረው። ወንድሜ ስላዘገየ ይቅርታ ጠየቀው። ደራሲያችሁ ደግ ሰው ነውና ይቅር ብሎታል።